ክርክር፦ «ለመታሰቢያዬ» ሲባል የሚያስታውሰው ማን ነው?

ዮናስ፦ «ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት» በሚለው ቃል (ሉቃስ 22፥19፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥24-25) «መታሰቢያ» የተባለው በግሪኩ አናምኔሲስ ነው። ብዙዎች «አና» የሚለውን ባዕድ መነሻ ነጥለው «እንደገና ማለት ነው፤ ስለዚህ ያለፈው መሥዋዕት ዛሬ ይቀርባል» ይላሉ። ይህ አያስኬድም። ቃሉ የወጣበት ግስ አናሚምኔስኮ በተራው ግሪክኛ አስታወሰ፣ አሳሰበ ነው፤ አርስቶትልም አናምኔሲስን ከትውስታ የራቀውን ፈልጎ ማግኘት ይለዋል። ስለዚህ የሚያስታውሰው በማዕዱ የተቀመጠው ሰው ነው።

ሰላማዊት፦ በባዕድ መነሻው እስማማለሁ። ጳውሎስ ግን ቃሉን ያገኘው ከአርስቶትል ሳይሆን ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም፣ ማለትም ከብሉይ ኪዳን ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም ነው። ዘሌዋውያን 24፥5-9ን ቀስ ብለህ አንብበው። 12 ኅብስት ይጋገራል፤ ለእያንዳንዱ የኢፍ መስፈሪያ ሁለት አሥረኛ ዱቄት። ስድስት ስድስት ሆኖ በሁለት ረድፍ ይቀመጣል፤ ዕጣን ይደረግበታል፤ በየሰንበቱ ይተካል፤ የተነሣውን ካህናቱ ይበሉታል። በዕብራይስጡ መታሰቢያ የሚሆነው ዕጣኑ ነው። ግሪኩ ግን «ለአናምኔሲስ» የሚለውን በጌታ ፊት ከተቀመጠው ኅብስት ጋር ያያይዘዋል። ኅብስት፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ ለአናምኔሲስ! ዘኍልቍ 10፥10 ላይም መለከቱ በመሥዋዕቱ ላይ ሲነፋ በአምላክ ፊት አናምኔሲስ ይሆናል። የአዲስ ኪዳን ሊቁ ዮአኪም ኤሬሚያስ የጌታን ቃል «እግዚአብሔር እኔን እንዲያስበኝ» ብሎ የተረዳው ከዚህ ዓይነቱ አነጋገር ተነሥቶ ነው።

ብርሃኑ፦ ዘጸአት 12፥14ም አለ፤ ፋሲካው ራሱ አናምኔሲስ ተብሏል።

ሰላማዊት፦ አልተባለም፣ ወንድሜ። እዚያ ያለው ሌላ የግሪክ ቃል፣ ምኔሞሲኖን ነው። አማርኛው ሁለቱንም «መታሰቢያ» ስለሚላቸው በአማርኛ ብቻ ጥቅስ የሚለቅም ሰው ይሳሳታል። ሽቱ ያፈሰሰችው ሴት (ማቴዎስ 26፥13) እና የቆርኔሌዎስ ምጽዋት (ሐዋርያት ሥራ 10፥4) ላይም ምኔሞሲኖን ነው። ሐሳቡ ይቀራረባል፤ ማስረጃ አድርገን ስንጠቅስ ግን ለይተን እንጥቀስ።

ዮናስ፦ እንግዲያው መጽሐፈ ጥበብ 16፥6ን ለምን ዘለልሽው? በምድረ በዳ በእባብ የተነደፉት ምልክቱ የተሰጣቸው «ለሕግህ ትእዛዝ አናምኔሲስ» ነው። ያ የሰው ማስታወስ እንጂ የእግዚአብሔር አይደለም። በሰብዓ ሊቃናት ቃሉ ያለው አምስት ቦታ ብቻ ስለሆነ አንዱን መተው ሚዛኑን ያዛባል። ጳውሎስ ራሱም በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥26 «የጌታን ሞት ትናገራላችሁና» ብሎ ምክንያቱን ሰጥቷል። «ትናገራላችሁ» የተባለው የግሪኩ ግስ ካታንጌሎ ለሰው ማወጅ ነው።

ተክሌ፦ ልጆች፣ ስሙን ብቻ ይዛችሁ ግሱን ረሳችሁት። «አድርጉት» የተባለው ፖይኤይቴ፣ በዘጸአት 29፥39 ግሪክ ጠቦት ስለማቅረብ ይነገራል፤ በዘጸአት 12፥48 ደግሞ ፋሲካን ስለማክበር። «ኅብስት በግሪክ ተባዕት ነው፣ ‹ይህን› ግን ግዑዝ ፆታ ነው፤ ስለዚህ ‹ይህን አቅርቡ› ሊሆን አይችልም» የሚለው መልስም አይበቃም። ሥጋም ጽዋም ግዑዝ ፆታ ናቸውና ሰዋስው ብቻውን አይፈርድም። በሁለተኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ጌታ «ለመከራው አናምኔሲስ» እንድናደርገው ያዘዘን ኅብስት ብሎ ጽፏል፤ በግሪኩ አያያዡ ቃል ተባዕት ስለሆነ የሚደረገው ኅብስቱ ራሱ ነው። ቃሉን ከእኛ ይልቅ ለዘመኑ የቀረበ ሰው እንዲህ አንብቦታል።

ዮናስ፦ ጋሽ ተክሌ፣ የዮስጢኖሱን እቀበላለሁ፤ እርሱ ግን የቆሮንቶስ መልእክት ከተጻፈ ከ 100 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ለጳውሎስ አሳብ ምስክር አይሆነኝም።

ሰላማዊት፦ ዕብራውያን 10፥3 ይቀራል፤ ከጌታ እራት ውጭ በአዲስ ኪዳን ቃሉ ያለው እዚያ ብቻ ነው። በየዓመቱ በሚቀርበው መሥዋዕት «የኃጢአት አናምኔሲስ» አለ ይላል። ቁጥር 2 የሚናገረው ስለ አምላኪዎቹ ሕሊና ነውና ይህ ላንተ ይቆጠር። ነገር ግን ማስታወሱ የሚሆነው መሥዋዕቱ ሲቀርብ ነው፤ ቁጥር 17 ላይ ደግሞ ኃጢአታቸውን «አላስብም» የሚለው እግዚአብሔር ነው። አንዱን አስታዋሽ ብቻ ከፈለግህ ይህን ምዕራፍ ለሁለት መቁረጥ ይኖርብሃል።