ሁለተኛ ዓይን የሚሆነኝ የልብ ሐኪም ጠቁሙኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ነው ያለሁት። በሩማቲክ የልብ ሕመም ላይ ለሦስተኛ ዲግሪ ጥናት ጀምሬ መሀል መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። በሽታው መነሻው የጉሮሮ ቁስለት ነው፤ ሳይታከም ከቀረ የልብ ቫልቭ እስከማበላሸት ይደርሳል። ሐሳቤ ተማሪዎችን በእጅ በሚያዝ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) መመርመር ነበር። ፕሮፖዛሌን የጻፍኩት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የዓለም የልብ ፌዴሬሽን መስፈርት ነው። እሱ ስፔክትራል ዶፕለር (የደም ፍሰትን ፍጥነት በግራፍ የሚለካ) ይፈልጋል፤ የተዋስኩት መሣሪያ ያለው የቀለም ዶፕለር (ፍሰቱን በቀለም የሚያሳይ) ብቻ። ገምጋሚው ገጹን ሙሉ በቀይ አሰመረበት። ያን ቀን ቡና እንኳ አልጣመኝም፣ ያውም ጅማ ተቀምጬ!

የፌዴሬሽኑን የ2023ቱን መስፈርት ልከተል? ለማጣሪያ ምርመራ ቀለል ያለ መንገድ አለው። ደግሞም የእኔን ውጤት ሳያይ ምስሎቹን ለብቻው የሚያነብ ሐኪም አጣሁ። በርቀትም ይሆናል። የምታውቁት ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ።