14 ሙስሊም እንግዶች፣ አንድ ቀን ፒያሳ፣ አንድ ቀን መናገሻ ሱባ፦ ሐላሉም እንዳይጎድል፣ ደኑም እንዳይጎዳ

ጥያቄ (አስጎብኚ፣ ፒያሳ)

አሰላሙ ዐለይኩም። ከውጭ የሚመጡ 14 ሙስሊም እንግዶች አሉ። ማረፊያቸው ፒያሳ ሲሆን ዐርብ ከተማ ውለው ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ደን ይሄዳሉ፤ እሑድ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ሁለት ነገር አጥብቀው አሳስበዋል፦ ምግቡ ጥርጥር የሌለበት ሐላል ይሁን፣ የረገጥነውን ቦታ አናቆሽሽ። ዕቅዱ እስካሁን እንዲህ ነው፦ በጉን ደኑ ውስጥ ማረድ፣ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ባለግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ፣ ውሃ ለመቆጠብ ደግሞ በተየሙም (በውሃ ፈንታ በአፈር ነጽቶ) መስገድ። የቱ ይስተካከል?

መልስ (ምግብ አዘጋጅ፣ መርካቶ)

ወዐለይኩሙ ሰላም። በጉን እዚያ አትረዱት። እርዱ ሐላል ቢሆንም ደሙና ፈርሱ ጅብና ውሻ ይጠራል። ብትቀብሩትም ቆፍረው ያወጡታል፤ ጠለቅ አድርገን እንቅበር ካላችሁ ደግሞ የዛፉን ሥር ትቆርጣላችሁ። ጨረቃና ኮከብ ካለው የሙስሊም ልኳንዳ ግዙ፣ የቄራውን ማህተም ሥጋው ላይ እዩ።

ለመንገድ ከቋንጣ የሚሻል የለም፤ በረዶም ፍሪጅም አይፈልግም። ለ14 ሰው 2 ኪሎ ቀይ ሥጋ ይበቃል፤ ሲደርቅ ሲሶው ያህል ይቀራል፣ ለአንድ ሰው 45 ግራም አካባቢ ማለት ነው። በስሱ ዘልዝላችሁ በበርበሬና በጨው አሽታችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀሉት። ከ4 እስከ 5 ቀን ስለሚፈጅ ሥጋው እስከ እሑድ ወይም ሰኞ መገዛት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍርፍሩን ቤት ሠርቶ በትኩሱ ሲከድነው ነው። እንጀራው ላብ ይጠጣና ይላቁጣል፣ እስከ ምሳ ይኮመጥጣል። ስልሱን ከነቋንጣው እየፈላ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ውስጥ ጨምሩ፤ 28 እንጀራ ለብቻው በአገልግል ይሂድ፤ እዚያው ስትደርሱ ፈርፍሩት። እሳት አልነደደ፣ ፌስታል አልተፈታ።

ስለ ዐርቡ፦ የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በየምግብ ቤቱ አለ፤ ቅቤም ሥጋም የለበትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አዋዜ በጠጅ ወይም በአረቄ የሚበጠበጥበት ቤት ብዙ ነው። «ሐላል ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ አስተናጋጁ ሥጋውን ብቻ አስቦ መልስ ይሰጣችኋል። «አዋዜው በምን ተበጠበጠ?» በሉት፤ ካላወቀ ከወጥ ቤት ጠይቆ ይምጣ።

መልስ (የፊቅህ መምህር፣ ፒያሳ)

እንደ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ተየሙሙን ሰርዙት። ተየሙም ውሃ ለጠፋበት ወይም ውሃው ለሚጎዳው ሰው የተፈቀደ ነው። መኪና ላይ ጀሪካን ጭኖ «ልቆጥብ» ብሎ አፈር መንካት አይሆንም። ቁጠባው ውዱኡ (ከሶላት በፊት ያለው መታጠብ) ውስጥ ነው ያለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፤ ሙድ በዛሬው ልክ 0.7 ሊትር አካባቢ ነው። ላልለመደ ሰው 1 ሊትር ያዙ፤ 14 ሰው በ14 ሊትር ይጨርሳል፣ አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ተርፎት ይመለሳል። የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በጋለ መርፌ ሦስት አራት ቦታ ብሱና አንዱ ለአንዱ ያንቆርቁርለት። ክፍት ጠርሙስ ሲደፋ ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ኹፍ (የቆዳ ካልሲ) ያለው ሰው ውዱእ አድርጎ ካጠለቀው፣ መንገደኛ እስከሆነ ድረስ 3 ቀን ከነሌሊቱ ላዩን ማበስ ይችላል፤ የእግሩ ውሃ ይቀራል።

ቀስሩን (መንገደኛ ሶላት የሚያሳጥርበትን ፈቃድ) ለዩት። እንግዶቹ የሚቆዩት ከ4 ቀን በታች ስለሆነ መንገደኞች ናቸው፤ ያሳጥራሉ፣ ዙሁርና ዐስርንም (የቀትርና የከሰዓት ሶላትን) ያጣምራሉ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ሱባ ድረስ ስለሄደ አያሳጥርም፤ ብዙኃኑ ዑለሞች ያስቀመጡት ርቀት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዋሪ ካሰገደ እንግዶቹም ተከትለው መሙላት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ስለዚህ ከእንግዶቹ አንዱ ያሰግድና ነዋሪዎቹ ተነስተው ይሙሉ።

ቂብላው (የሶላት አቅጣጫው) ከአዲስ አበባ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፣ ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነብላል። ፒያሳ ላይ ፊታችሁን ወደ እንጦጦ መልሱ። ደን ውስጥ በስልክ ኮምፓስ የምታዩ ከሆነ ከመኪናው ራቅ በሉ፤ ብረቱ ያሳስተዋል።

መልስ (የደን ባለሙያ)

ሱባ ተራ ጫካ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ያ ጽድና ዝግባ ደረቅ ቅጠል ነው የሚያራግፈው፤ ከከሰል ምድጃ የወደቀ ፍም በቂው ነው። ቡናውንም በፔርሙዝ ይዛችሁ ኑ።

ሳሙናና እጣቢ ከጅረት ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ። መጸዳጃ ላይ እርጥብ ሶፍት አትጣሉ፤ አብዛኛው የላስቲክ ክር ስላለበት አይበሰብስም። ለኢስቲንጃ (ከተጸዳዱ በኋላ ለመታጠብ) አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ይበቃል። በቆመ ውሃ፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድና በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳት በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ እንግዶቹን በዚህ አስታውሷቸው፣ ከእኛ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይሰሟችኋል። አዛኑ በድምፅ ማጉያ አይሁን፤ የአፍ ድምፅ ለ14 ሰው ይደርሳል፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም አይሸሹም።

ውሃውን አስሉት፦ 14 ሲባዛ በ3፣ በቀን 42 ጠርሙስ፣ በሁለት ቀን 84። መጠኑ ግን በቀን 21 ሊትር ብቻ ነው። የሚመለስ ባለ20 ሊትር የመጠጥ ውሃ ጋሎን ከነመቅጃው አንድ፣ ትንሽ መጠባበቂያ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ኮዳ። ጋሎኑንና የውዱኡን ጀሪካን በቀለም ለዩ፤ ሲቀላቀሉ ሰው ይታመማል።

ጠያቂ

ጀዛኩሙላህ ኸይረን። በጉ፣ ጠርሙሱና ተየሙሙ ቀርተዋል። የዐርቡ ጁሙዓስ?

መልስ (የፊቅህ መምህር፣ ፒያሳ)

በእግር ወደ ኑር መስጊድ ሂዱ፣ በኒን የሚባለው። አንዋር ከፈለጋችሁ መርካቶ ነው፤ የዐርብ መጨናነቁን አስባችሁ ቀደም በሉ። ዙሁር እዚህ እንደ ወሩ ከቀኑ 6:10 እስከ 6:40 ባለው መሐል ይገባል፤ 5:30 ላይ ከማረፊያ ውጡ። ውዱእ ማረፊያ ላይ ይደረግ፣ ቧንቧው ጋ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። የሴቶቹን መግቢያ ሐሙስ ሄዳችሁ እዩ። ለጫማ የጨርቅ ቦርሳ ያዙ፤ ፌስታል በ2017 በጸደቀው አዋጅ ተከልክሏል።