ከውጭ የሚመጡ ማይስ (የላብራቶሪ አይጦች) ኳራንቲን (ለብቻ ማቆያ) ስንት ጊዜ ይቀመጡ?

ሰብሊ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባለ የምርምር ክፍል የአኒማል ሀውሱን፣ የምርምር እንስሳቱን ቤት፣ የማየው እኔ ነኝ። አብሮን የሚሠራ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ከራሱ ኮሎኒ፣ ራሱ ከሚያራባው መንጋ፣ ባልብ ሲ የሚባሉ ማይስ ሊልክልን ነው። የኛ ነባር ስዊስ አልቢኖ የሚባሉት ማይስ እዛው ኮሪደር ላይ ናቸው። ፕሮፌሰራችን ሁለት ሳምንት ለብቻ አይተናቸው ደህና ከመሰሉ እናስገባቸው ይላሉ፣ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። የጤና ሪፖርታቸው ደርሶኛል ግን የአምና ነው። ትርፍ ክፍል ያለን አንድ ነው፣ መስኮቱ በደንብ አይገጥምም፣ መብራትም ይጠፋል። በተግባር የሠራችሁበት እንዴት ነው የምታደርጉት?

ቬቱ ከስድስት ኪሎ፦
ልብሽ ልክ ነው እህቴ። ሁለት ሳምንት ከጉዞ ድካም ለማረፍ እንጂ ኢንፌክሽን ለማጣራት አይበቃም። ትልቅ ማይስ ኤምኤችቪ የሚባለው የማይስ ቫይረስ ይዞት ፀጉሩ እያበራ ሲበላ ሲሮጥ ታይዋለሽ፣ ቫይረሱ ግን በሰገራው እየወጣ ነው፣ ኮሎኒ ውስጥ ከገባ ማክሮፋጁን፣ ጀርም የሚውጠውን የመከላከያ ሴል፣ ስለሚነካ የኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) ዳታሽን አታምኚውም። ደም ወስደሽ አንቲቦዲ ብታዪ ደግሞ ጉዞ ላይ የተያዘው በመጀመሪያው ሳምንት ኔጌቲቭ ነው የሚወጣልሽ፣ አንቲቦዲው ገና አልተሠራማ። ከነጋዴ ሳይሆን ከሌላ ተቋም ኮሎኒ ለሚመጣ ብዙ ቦታ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይያዛል፣ አብሮ ሴንቲኔል ይቀመጣል፣ ማለትም ንጹህ መሆናቸው የተረጋገጠ ማይስ ኬጅ ውስጥ ከእንግዶቹ ኬጅ የቆሸሸ ቤዲንግ (የሚተኙበት ሰጋቱራ) እየጨመርሽ ቆይተሽ መጨረሻ ላይ እነሱን ትመረምሪያለሽ። ይሄም ሁሉን አይዝም፣ ሴንዳይ የሚባለው ቫይረስ በትንፋሽ ስለሚተላለፍ በቤዲንግ ብዙም አይገኝም፣ የፀጉር ማይትም (ጥቃቅን ተባይ) ያመልጣል፣ ስለዚህ ከእንግዶቹ ከራሳቸው የሰገራና የፀጉር ናሙና ለፒሲአር (የጀርሙን ዘረመል ለሚፈልገው ምርመራ) ውሰጂ።

ፒንወርሙን፣ የአንጀት ትሉን፣ እዛው መመርመር ትችያለሽ። ሲፋሺያ የሚባለውን ዓይነት እንቁላሉን በስኮች ቴፕ ከፊንጢጣው ዙሪያ አንስተሽ ማይክሮስኮፕ ላይ ማየት ነው፣ አስፒኩሉሪስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን እንቁላሉን እዛ ስለማይጥል በቴፕ አታገኚውም፣ የሰገራ ፍሎቴሽን፣ እንቁላሉን በከባድ ፈሳሽ ላይ ማንሳፈፍ፣ ያስፈልገዋል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ፣ ነባሮቹ ተመርምረው ያውቃሉ? ሁሉም ሰው የሚፈራው እንግዳውን ነው፣ ለዓመታት ሳይመረመር የተራባ ኮሎኒ ግን ንጹሆቹን ባልብ ሲ ሊበክላቸው ይችላል። ሳታዪ ሴንቲኔል ከነሱ እንዳታወጪ።

ካርጎ ልጅ፦
እኔ የማውቀው የማስገባቱን በኩል ነው። ከግብርና የማስገቢያ ፈቃዱ እጅሽ ሳይገባ እንዳይጭኑ። የላኪው ሀገር የመንግሥት ቬተሪናሪ የፈረመበት ሰርተፊኬት ኦርጅናሉ ከሳጥኑ ጋር ይምጣ፣ ኮፒውን ግን ቀደም ብለው በኢሜይል ይላኩና በደንብ አንብቢው፣ ቁጥሩ ዝርያው የተቀባዩ ስም ሁሉ ከፈቃዱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዓርብ የሚደርስ በረራ በፍጹም እሺ እንዳትዪ፣ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ቅዳሜና እሁድን መጋዘን ነው የሚያድሩት፣ በዓል ሲኖር ደግሞ ይባስ፣ መስከረም ላይ ከሆነ መስቀል አደባባይ የሚዘጋበትን ቀንም አስቡት። ለመጠጥ ጄል ይግባላቸው፣ ጠርሙስ መንገድ ላይ አፍስሶ ያረጥባቸዋል። ሳጥኑ ፊልተር ያለው ይሁን፣ ቦሌ ላይ ፈታሹ ልክፈት ካለ በመስኮቱ እንዲያይ ለምኑት፣ ተከፈተ ማለት ፊልተሩ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ጋሽ አኒማል ሀውስ፦
ልጄ ሰጋቱራውን ማንም አላነሳልሽም። ከአናጢ ቤት የሚመጣ ከሆነ የመንደር አይጥና ድመት የተኛበት ነው፣ ኦቶክሌቭ፣ በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገደልበት ዕቃ፣ ውስጥ ሳያልፍ አይግባ። ኦቶክሌቩ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ መጽሐፉ ላይ ያለው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለባሕር ዳርቻ ነው፣ እዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 121 ዲግሪ አልደረሰም፣ ወደ 19 ገደማ ያስፈልገዋል። ዕቃው ያን ያህል ግፊት የማይፈቅድ ከሆነ ጊዜውን አርዝመሽ በባዮሎጂካል ኢንዲኬተር (ሕይወት ያለው ጀርም የያዘ መሞከሪያ) አረጋግጪ፣ የኦቶክሌቭ ቴፑ ቀለም መቀየር ብቻውን አያሳምንሽ። የጥድ ሰጋቱራ አትውሰጂ፣ ሽታው የጉበት ኢንዛይም ስለሚያስነሳ መድኃኒት የሚሞክሩት ልጆች ውጤት ይበላሻል።

ሰብሊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነባሮቹ ተመርምረው አያውቁም፣ ዛሬ ለፕሮፌሰሩ ይሄንኑ ሳነሳላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና መጀመሪያ እነሱን መርምሩ አሉ፣ በረራውም ይገፋል። ግን ክፍሉስ? ሠራተኛውም አንድ ነው።

ቬቱ ከስድስት ኪሎ፦
ሌላ ሕንፃ ላይ ትንሽም ብትሆን ክፍል ለምኑ፣ ካልተገኘ ያቺኑ አጥብቋት። መስኮቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት፣ የበሩ ስር በብረት ይዘጋ፣ የዱር አይጥ ከገባ ኳራንቲን የሚባል ነገር የለም። ሠራተኛው ጠዋት ነባሮቹን ይጨርስና ኳራንቲኑን መጨረሻ ይግባ፣ ከዛ በኋላ በዚያን ቀን ወደ ነባሮቹ አይመለስ፣ ጋዋኑም ጫማውም መጥረጊያውም እዛው የሚቀር ይሁን። መብራት ሲጠፋ ቬንቲሌሽኑ ስለሚቆም በፊልተር ክዳን ስር አሞኒያ ይጠራቀማል፣ በአንድ ኬጅ ጥቂት አድርጊና ቤዲንጉን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። አንዴ ከጀመርሽ በመሀል ሌላ ጭነት አታስገቢ፣ ካስገባሽ ቀኑ ለሁሉም ከዜሮ ይቆጠራል።

ለነባሮቹ ከየኬጁ አንድ አንድ ፍሬ ሰገራ ደረቅ ቱቦ ውስጥ ሰብስቢና ፍሪጅ አስቀምጪልኝ፣ ሰኞ ስድስት ኪሎ ብቅ በይ፣ ፍሎቴሽኑን አብረን እንሠራዋለን።