ለእናቴ ቤቱን ገዝቼ መሬቱን ልከራይላት?

ጠያቂ፦
እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጆቼ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖራለች፤ ጤናዳም የምትተክልበት አንድ ክንድ መሬት እንኳ የላትም። አሁን ዕድሜያቸው 55 ዓመት ለሞላ ሰዎች በተመደበ የሞባይል ሆም (በፋብሪካ ተሠርቶ ተጎትቶ የሚተከል «ተንቀሳቃሽ» ቤት) መንደር ውስጥ በ135 ሺህ ዶላር የሚሸጥ ቤት አግኝተናል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራ ነው። ቤቱ የእኛ ይሆናል፤ መሬቱ ግን የመንደሩ ባለቤት ስለሆነ በወር 1,200 ዶላር እንከፍላለን። ልጆቼ ሄደው ማደር ይችላሉ? ብትታመም እኔ በ39 ዓመቴ አብሬያት መኖር ይፈቀድልኛል? ገንዘባችንን ውኃ እንዳይበላው እፈራለሁ።

ለወላጆቹ የገዛ፦
የተሠራበትን ዓመት በቀላሉ አትለፊው። ለእነዚህ ቤቶች የወጣው የፌዴራሉ የግንባታ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ጁን 15 ቀን 1976 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ቤት በውጭ ግድግዳው ጫፍ ትንሽ ቀይ የብረት ምልክት አለው። ያንቺው ቀድሞ የተሠራ ስለሆነ ብዙ አበዳሪዎች አይነኩትም፤ አንቺ በጥሬ ገንዘብ ብትገዢው እንኳ ነገ ካንቺ የሚገዛው ሰው ብድር ያጣል። ሌላው፣ የካሊፎርኒያ የቤቶች መሥሪያ ቤት ዘንድ ውዝፍ የምዝገባ ክፍያ እንደሌለበት ሳታረጋግጪ ቀብድ እንዳትሰጪ። እኔ ሰጥቼ የሻጩን የሦስት ዓመት ዕዳ ከፍያለሁ።

የመንደር ነዋሪ እናት፦
ልጄ፣ እኔ እንዲህ ባለ መንደር ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። እንግዳ በተከታታይ ከ20 ቀን፣ በዓመት ከ30 ቀን ካልበለጠ ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅም፤ የልጅ ልጆቼ ዓርብ መጥተው እሑድ ይሄዳሉ። እናትሽ ሐኪም ያዘዘው እንክብካቤ ካስፈለጋት ደግሞ ዕድሜሽ ለአስታማሚነት አያግድሽም። ቡናዬን የምቆላው በረንዳ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ የቆላሁ ቀን የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ያን ቀን የመጣችው ቬትናማዊት አሁን በረካዋን ሳትጠጣ አትሄድም።

ሒሳብ የሚወድ፦
ሁሉም ስለ ቤቱ ያወራል፤ የሚያስጨንቀው መሬቱ ነው። በሳን ሆዜ ደንብ የሚፈቀደው ከፍተኛው ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪ ከ3 እስከ 7 በመቶ ነው፤ ከ90 ቀን በፊትም በጽሑፍ ሊነገራት ይገባል። 1,200 ዶላሩ ከ10 ዓመት በኋላ በ3 በመቶ 1,613፣ በ7 በመቶ 2,361 ይሆናል። የእናትሽ ገቢ በዚያ ልክ ያድጋል? «ተንቀሳቃሽ» መባሉም አያታልልሽ፤ የ50 ዓመት ቤት ነቅለሽ ብትጭኚ የሚቀበልሽ መንደር በመከራ ነው። ሻጩ የከፈለበትን የሦስት ዓመት የኪራይ ደረሰኝ ጠይቂው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሄደን አየነው። በስልኬ መብራት ከሥሩ ገባሁ፤ ከመታጠቢያ ቤቱ በታች ያለው እንጨት ረጥቧል፣ ከላይም ወለሉ ሲረገጥ ይሰምጣል። ዋጋ ቀንሱልን ብለናል፤ ደረሰኙንም እየጠበቅን ነው። እናቴ ግን ወለሉን ረግጣ እንኳ አላየችም፤ ደጅ ቆማ ጤናዳሙ የሚተከልበትን ጥግ በእግሯ ስትለካ ነበር።