ለክረምት ፈረስ የት ምን እንግዛ? ለወሎ ደገኞች ጥቆማ

ሰላም የወሎ ልጆች። ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲቃረብ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይበዛል። የፈረስ ልብስ የት ይሻላል? ፉርሽካ ከማን ልግዛ? ክትባቱን ወረዳ ላስከትብ ወይስ የግል ባለሙያ ልጥራ? ከኩታበር እስከ ወረኢሉ፣ ከለጋምቦ እስከ ደላንታ ፈረስ ያለው ሁሉ የሚያስበው ይህንኑ ነው። እኔም የማውቀውን ላካፍል። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ገበያ አይሠራም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብራችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ቀጥሎ ደረቅ መቆሚያ፣ ከዚያ መድኃኒት። ልብስ መጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ግን ከልብሱ ይጀምራል። ለጎረቤት የሚታየው እሱ ስለሆነ መሰለኝ።

የደጋ ፈረስ የሚሞቀው ከሆዱ ነው። ድርቆሽና ገለባ ትልቁ አንጀት ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ያወጣል። ገብስ ጉልበት ይሰጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ በማሞቅ ግን ድርቆሽን አይተካም። ስለዚህ ብርድ ሲበረታ ገብስ ከመጨመር ማታ አንድ እቅፍ ድርቆሽ መጨመር ይሻላል። የአገራችን ፈረስ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ኪሎ አካባቢ ነው። በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ይህ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ሜዳው አረንጓዴ ስለሆነ "ጠግቧል" እንላለን። የሐምሌ ሣር ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ሆዱ ይነፋል እንጂ ጎኑ አይሞላም። ደግሞ የክረምት ፀጉር ዓይን ያታልላል። ጎድኑን በእጃችሁ ዳብሱት፤ ሳትጫኑ አጥንት በአጥንት ከሆነባችሁ ፈረሱ ከስቷል።

እንግዲህ ድርቆሹ ከየት ይምጣ? ደሴና ኮምቦልቻ የታሰረ ድርቆሽ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። ለመጫን ይመቻል፣ ቦታ አይፈጅም። ችግሩ መሐሉ አይታይም። ዝናብ የነካው ከሆነ ላዩ ቢጫ ሆኖ ውስጡ ሻግቶ ይገኛል። የሻገተ ድርቆሽ ፈረስን ያስላል፤ አንዴ የለመደበት ሳል ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። እኔ ሳልፈታ አልገዛም። ከክምሩ መሐል አንዱን እስር አስወጡና ገመዱን ቁረጡ። ጥሩ መዓዛ ከሌለው፣ ስታራግፉት አቧራ ከቦነነ ተዉት። ነጋዴው ቢቆጣ ይቆጣ። በእስር ብዛት ሳይሆን በኪሎ ተስማሙ፤ የአንዱ ነጋዴ እስር የሌላውን ግማሽ ሊሆን ይችላል።

ለእኔ የሚሻለው ከገበሬው ደጅ ያልታሰረ ድርቆሽ መግዛት ነው። ያውም ኅዳር ላይ፣ ሣሩ ታጭዶ ገና ሲከመር። ሜዳውን ታያላችሁ፣ ምን ዓይነት ሣር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያኔ ሻጭ ይበዛል፤ ግንቦት ላይ ገዢ ይበዛል። ዘንድሮ ያለፈባችሁ ለከርሞ ያዙት። ከቆላው፣ ከቃሉና ከከሚሴ ወይም ከቆቦ በኩል የሚመጣ ከሆነ ቅንጬ የምንለው አረም፣ ፓርቴኒየም፣ እንዳይቀላቀልበት አገላብጡ። አፍና ቆዳ ያቆስላል፤ ዘሩ ደግሞ ከፋንድያው ጋር ማሳችሁ ይገባል።

በልግ የምታመርቱ ደገኞች ሌላ ዕድል አላችሁ። የበልግ ገብስ ገለባ የሚገኘው መኖ በሚያጥርበት ሰዓት ነው። ግን ዝናብ ላይ ስለሚወቃ እርጥብ ይከመራል፣ ይሻግታል። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ዘርግታችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ብትከምሩት ነው የሚያዋጣው። የጤፍ ገለባም መልካም ነው። ጓያ ግን አደራ። በሬ የበላው ጓያ ሁሉ ለፈረስ አይሆንም። ፈረስ ጓያን ከሌሎች ከብቶች ይበልጥ አይችልም። ፍሬውን አዘውትሮ ከበላ የኋላ እግሩ ይዝላል፣ ጉሮሮው ሽባ ሆኖ ሲተነፍስ ይጮኻል። የጓያ አገር ሰዎች ስለሆንን ደግሜ እላለሁ፦ ለፈረስ አትስጡ።

ፉርሽካ በቀጥታ ከዱቄት ፋብሪካ ብትገዙ ይሻላል። ደሴም ኮምቦልቻም ፋብሪካ አለ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ለአንድ ከረጢት ላያዋጣ ይችላል፤ ሦስት አራት ጎረቤት ሲተባበር ግን ያዋጣል። ከችርቻሮ የምትገዙ ከሆነ እጃችሁን ወደ ታች ስደዱና ዝገኑ። ጉጉ ከሠራ፣ ኮምጣጣ ከሸተተ፣ ተዉት። ፉርሽካ ማጣፈጫ እንጂ ቀለብ አይደለም። ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ ለወራት በእሱ ብቻ የኖረ ፈረስ አጥንቱ ይደክማል። የኑግ ፋጉሎ ለምታጠባ ባዝራ በጥቂቱ ጥሩ ነው። ከኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የገብስ ተረፈ ምርት ለላም እንጂ ለፈረስ አልመርጠውም፤ እርጥብ ነው፣ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ቁርጠት ያመጣል። የዶሮ መኖ ደግሞ በጭራሽ። ሞነንሲን የሚባል የኮክሲዲያ (የዶሮ አንጀት በሽታ) መከላከያ የተጨመረበት ከሆነ ለዶሮ መድኃኒት የሆነው ለፈረስ መርዝ ነው፤ ልቡን ይመታዋል። ከረጢቱ ላይ ባይጻፍም አትሞክሩት።

ጨው ከባቲ ሰኞ ገበያ፣ ከአፋር የሚመጣውን። ለምን ቢባል ርካሽ ነው፣ ፈረሱም ይወደዋል። ዝናብ እንዳያሟሟው ከጣሪያ ሥር አስቀምጡት፤ እየመጣ ይልሳል። ለዚህ ሌላ ምክር የለኝም።

መቆሚያው ላይ ሰው ይለያያል። ቆርቆሮ ወይስ ሣር ክዳን? ሣር ክዳን ይሞቃል፣ በረዶ ሲወርድም አይጮህም። ቆርቆሮው አያፈስም፤ ግን በውርጭ ሌሊት ከሥሩ ጤዛ ይንጠባጠባል፣ በረዶ ሲመታውም ፈረስ ይደነግጣል። አቅም ካለ ቆርቆሮውን ከላይ አድርጋችሁ ከሥሩ የእንጨት ርብራብና ሣር ብታነጥፉ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። ከጣሪያው በላይ ግን ወለሉ ያሳስበኛል። ፈረስ ብርድ ይችላል፤ ጭቃ ላይ ቆሞ ማደርን ግን ሰኮናው አይችልም። መሐሉ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ያነክሳል። ደልዳላ ድንጋይ፣ ላዩ ጠጠር፣ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ብቻ ግድግዳ ቢኖር ይበቃል። ዙሪያውን ድፍን አድርጋችሁ ከዘጋችሁት የሽንቱ ሽታ ሳንባውን ይጎዳዋል። ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም፤ የሠፈር ግንበኛ በጥቂት ቀን ይሠራዋል። በነገራችን ላይ ቦታ ከጠበበ ቅድሚያ ለአህያ ነው። የአህያ ፀጉር እንደ ፈረሱ ውኃ አያንሸራትትም፤ ዝናብ ቆዳዋ ድረስ ይገባል። እኛ ግን ፈረሱን አስገብተን አህያዋን ውጭ እናሳድራለን።

ልብስ የሚያስፈልገው ለአረጀ፣ ለታመመ፣ ለከሳ፣ ለተወለደ ሰሞን ውርንጭላ ነው። ጤነኛ የደጋ ፈረስ ፀጉሩ ራሱ ልብስ ነው፤ ብርድ ሲሰማው ይቆማል፣ በመሐሉ አየር ይይዛል። ላዩ ላይ ከባድ ነገር ስትጭኑበት ፀጉሩ ይተኛል። የግድ ከሆነ የበግ ፀጉር ባና ግዙ። እርጥበት ቢነካውም ይሞቃል፤ አሮጌ ከሆነ በርካሽ ይገኛል። የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው የሚሸጡ አሉ፤ ለነፋስ ደህና ነው፣ ለዝናብ ግን ምንም። ላስቲክ ሸራ አልመክርም። ላቡ ሥሩ ይጠራቀማል፣ ጠዋት ስትገልጡት እንፋሎት ይወጣል፣ ከዚያ ነፋሱ ያገኘዋል። የረጠበ ፈረስ ላይ ደግሞ ምንም አታልብሱ። መጀመሪያ በገለባ ጉዝጓዝ አጥብቃችሁ አሹት፣ ይድረቅ።

ስለ ኮርቻ ባጭሩ። የአገር ቆዳ ሠሪዎች የሚሠሩት የእንጨትና የቆዳ ኮርቻ ከከተማው ስፖንጅ ኮርቻ ይበልጣል፤ ሲሰበር ሥፍራው ላይ ይጠገናልና። ስፖንጁ ክረምት ላይ ውኃ መጦ አይደርቅም፣ ጀርባ ይልጣል። ከሥሩ የደረቀ ደበሎ ወይም ወፍራም ባና ይኑር፤ በየቀኑ ፀሐይ ይምታው።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። ምርጫው ሦስት ነው፦ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ፣ የግል የእንስሳት መድኃኒት ቤት፣ እና ገበያ መሐል ዣንጥላ ሥር መድኃኒት የሚዘረጋው ሰውዬ። ሦስተኛውን እርሱት። ፀሐይ ላይ የዋለ መርፌ ቢረክስም ከንቱ ነው። ኬላው መድኃኒት ያጥረዋል፣ ሐኪሙ ግን ፈረሱን ያያል። የግል ቤቱ መድኃኒት አለው፣ ሳያይ ግን ይሸጣል። አንድ የግል ቤት ለመዥገር ብሎ አሚትራዝ ሊሰጠኝ ሲል ከወረዳ ሐኪም ጋር ደውዬ ነው የተረፍኩት። አሚትራዝ ለላም ይሆናል፤ የፈረስን አንጀት ግን ያቆማል። ስለዚህ ምክሬ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ኬላ ታሳያላችሁ፣ በትዕዛዙ ከግል ቤት ትገዛላችሁ።

ለትል በርካሹ አልቤንዳዞል ክኒን ይሰጣችኋል። ለብዙ ትል ይሠራል። ግን የፊት እግሩ ፀጉር ላይ ቢጫ ጥቃቅን እንቁላል ካያችሁ ጨጓራው ውስጥ የዝንብ እጭ አለ፤ ለእሱ የሚሠራው አይቨርሜክቲን ነው። ለከብት የተሠራውን የአይቨርሜክቲን መርፌ ፈረስ ጡንቻ ላይ አታስወጉ፣ እብጠት ያመጣል። በአፍ የሚሰጠውን ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በወረዳ ሐኪም በኩል ትኩስ ፋንድያ ቢላክ ትሉ ይታወቃል። በየወሩ በግምት ክኒን ከማዋጥ ይህ ያዋጣል። ደሴ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ከባድ ነገር ሲገጥም መጠየቅ አይከፋም። ለጋማ ከብት ነጻ ሕክምና የሚሰጡት የውጭ ድርጅቶች የታወቁት በቢሾፍቱ በኩል ነው፤ ለእኛ ሩቅ ነው።

ክትባት ላይ ግን ወረዳውን ምረጡ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚመጣው ዝናቡ ሊያልቅ ሲል፣ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ሲበዙ ነው። ድንገት ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ እብጠት፣ ከአፍንጫ አረፋ። ከያዘ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ክትባቱ ቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻው ይሠራል፤ በቅዝቃዜ መጓጓዝ አለበት። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ፈረስ ስለሆነ ከተበጠበጠ በኋላ አይቀመጥም። ለአንድ ፈረስ ብላችሁ ብትጠሩ ባለሙያው የማይመጣው ለዚህ ነው። የጎጡን ፈረስና በቅሎ ሁሉ ቆጥራችሁ፣ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ሰብስባችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። ያረገዘች ባዝራ ካለች፣ የታመመም ካለ፣ ከመወጋቱ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት።