የሟች ጓደኛችንን ዕቃ ከቤተሰቡ ጋር ለመለየት፦ የማኅበራችን አባላት የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ አርባውን አውጥተን ስንበተን ባለቤቱ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና የጓደኛችንን ክፍል ከፈተችልኝ። ክፍሏን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ቡናችንን የምንጠጣው እዚያች ነበር። ሦስቱ የብረት ሳጥኖች እንዳሉ ናቸው። ካፖርቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ ፋኖሶች፣ የትኬት መብሻ፣ በክር የታሰሩ ትኬቶች፣ ደብተሮች አሉ፤ ፎቶውማ ተቆጥሮ አያልቅም። «ብቻዬን እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ልጆቹም የትኛው ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እናንተ ናችሁ የምታውቁት» አለችኝ።

ችግሩ ሌላም አለው። የእሱ ጡረታ ወደ እሷ ሲተላለፍ ግማሽ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ ክፍሏን አጽድታ ማከራየት ትፈልጋለች። እስከ ሰማንያው መጨረስ አለብን ብዬ ይህን ረቂቅ አወጣሁ፦ በሁለት ቅዳሜ ሁላችንም ሄደን ዕቃውን እንመዝግብ፤ የሼሚንደፈሩን (የባቡሩን) ለሙዚየም እንስጥ፤ የቤቱን ለቤተሰቡ እንተው። ከዚያ ለእሷ ደብዳቤ ጽፈን እናስፈርም። የጎደለውን ሙሉ፣ የተሳሳተውን አርሙ።

የግድግዳ ጎረቤቱ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሁላችንም በአንድ ቀን ከገባን ያ ቤት እንደገና ለቅሶ ቤት ይሆናል። ሦስት ሰው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ «የሼሚንደፈሩ» እና «የቤቱ» ብለሽ የከፈልሽው አያስኬድም። ትልቁን የእጅ ፋኖስ አስቢው። ነጭ፣ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራው፣ ላዩ ላይ እጀታ ያለው። አንድ የዕቃ አዋቂ ቢያየው «ቀዩ መስታወት የራሱ አይደለም፣ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጎን ነው የሚያደርገው። እውነትም የራሱ አይደለም። የአሮጌ መኪና የኋላ መብራት ነው። በብረት መጋዝ እየቆረጠ፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት እያሸ ሲገጥመው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ፋኖሱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። የ1998ቱ ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ይህንኑ ፋኖስ ይዞ ነው በየበሩ እየዞረ ሰው የቀሰቀሰው። ባለቤቱ ልጆቹን አቅፋ የወጣችው የፋኖሱን ብርሃን ተከትላ ነው። ታዲያ ይህ የሼሚንደፈር ነው ወይስ የቤት?

እኔ የምለው፣ ዕቃው ከመለየቱ በፊት ታሪኩ ይነገር። እሷ ትናገር፣ እኛ እንጻፍ፤ ከፈቀደች ድምጿን በስልክ እንቅዳ። እስከዚያ ከዚያች ክፍል አንድ ቁልፍ እንኳ አይውጣ።

ባቡር ነጂው (ጡረታ)፦
ጎረቤቱ ያለው ልክ ነው። እኔ የሚያሳስበኝ የነሐስ ሰሌዳው ነው፤ የባቡሩ ቁጥር የተጻፈበት፣ ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለው። ያ ባቡር ሲቆራረጥ ሰሌዳውን ከቁራጭ ብረት ክምር ውስጥ እንዳነሳው ነግሮኛል። እኔ አምነዋለሁ። ወረቀት ግን የለውም። ነገ ፎቶው ወጥቶ አንድ ሰው «ይህ የመንግሥት ንብረት ነው» ቢል የሚጠየቁት ልጆቹ ናቸው። ዕድሜ ልኩን ሳንቲም ያልነካ ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ እንዲነሳ አልፈልግም። እንዲህ ያለውን ለብቻው እንመዝግብና፣ ቤተሰቡ ከተስማማ ለባቡሩ መሥሪያ ቤት በግልጽ ደብዳቤ እንጻፍ፦ «እንዲህ ያለ ዕቃ በእጃችን አለ፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተረፈው» ብለን። መሥሪያ ቤቱ ከወሰደው ይውሰደው፤ ካልወሰደው ቤተሰቡ በእጁ ወረቀት ይኖረዋል። እስከዚያ ማንም ፎቶውን በስልክ እንዳያሰራጭ።

ቤተ መጻሕፍት የሠራችው፦
እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር። ደብተሮቹን አንድ ጊዜ አሳይቶኛል። አንዱ ላይ የጣቢያዎቹን ስም ከነኪሎ ሜትራቸው በእጁ ጽፏል፤ ከጅቡቲ ተነስቶ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ እያለ አዲስ አበባ ድረስ፣ 784 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ። ግማሹ በፈረንሳይኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው። ከየጣቢያው ስም አጠገብ ደግሞ ትንንሽ ማስታወሻ አለ፤ የት ጥሩ ወተት እንደሚሸጥ፣ የትኛው ጣቢያ ላይ ፍየል ሐዲድ ላይ እንደሚተኛ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ መድረሱን፣ በ1909 አዲስ አበባ መግባቱን ከመጽሐፍ እናገኘዋለን። የወተቱን ነገር ግን ከዚህ ደብተር ሌላ የትም አናገኘውም።

ጎርፉ የነካው ደብተር ገጾቹ ተጣብቀዋል። እባካችሁ ማንም በቢላዋ ወይም በእንፋሎት እንዳይለያያቸው። የተቀደደ ወረቀት ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታድርጉ። ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ በእርሳስ፣ ጫፉ ላይ ብቻ፣ ሳትጫኑ። ሦስተኛው ሳጥን ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ያ ሽታ ከፎቶ ፊልሙ ነው። የድሮ ፊልም በሙቀት ሲበላሽ እንዲህ ይሸታል፤ የአንዱ መበላሸት አጠገቡ ላለውም ይተርፋል። ስለዚህ የሸተተውን ለይተን በወረቀት ፖስታ አድርገን ነፋሻ ቦታ ላይ እናኑረው፤ ፌስታል ውስጥ አይታፈን። ነሐሱንም በሎሚና በአመድ አትፈትጉት።

ለተጣበቀው ደብተር ሐረር ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም እንጠይቅ። የቆዩ የእጅ ጽሑፎችን ይጠግናሉ። ሙዚየሙም ቢሆን ከአንድ ሰው የቤት ስብስብ የተነሳ ስለሆነ የእኛ ነገር አይከብዳቸውም። እኔ ደርሼ እመጣለሁ።

ገንዘብ ያዡ፦
ያላነሳችሁትን ላንሳ። አንድ ዕቃ ነጋዴ ገና ሐዘኑ ሳይወጣ ሁለት ጊዜ መጥቶ ፋኖሶቹንና ትኬቶቹን በጅምላ እገዛለሁ ብሏል። ትልቁ ልጅ ሊሸጥ ትንሽ ነው የቀረው። ደውዬ ለመንኩትና ለጊዜው ተወው።

ባቡር ነጂው፦
መሸጥማ ነውር ነው! የሰውዬው ዕድሜ እኮ ነው።

ገንዘብ ያዡ፦
ወንድሜ፣ ነውር አትበል። ልጁ የእናቱን የቤት ወጪ ነው የሚያስበው። ዕቃው የእነሱ ነው፤ ከፈለጉ ይሸጣሉ፣ እኛም ቤታቸው ገብተን ልናሳፍራቸው አይገባም። እኔ የምቃወመው ሳይታወቅ፣ ሳይቆጠር፣ በጅምላ መሸጡን ነው። ምን እንዳላቸው አውቀው፣ ሁለት ሦስት ሰው ዋጋ ጠይቀው፣ ያኔ ይወስኑ። ዝርዝሩ ለዚህም ይጠቅማቸዋል።

ባቡር ነጂው፦
ይቅርታ። ልጁን ለማለት አልነበረም፤ ነገሩ ስለከበደኝ ነው።

የሕግ ጉዳይ የሚያውቀው፦
አጭር ልበል። ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይውጣ። በትዳር ውስጥ አብረው ካፈሩት ግማሹ የባለቤቱ ነው፤ ልጆቹ የሚወርሱት የእሱን ድርሻ ነው። ጅቡቲ ያለችው ልጅም እኩል ወራሽ ናት። ስለዚህ ትልቁ ልጅ ብቻውን ፈርሞ ለሙዚየምም ለነጋዴም መስጠት አይችልም፤ እህቱ ወይ ትምጣ ወይ ውክልና ትላክ። ሌላው፣ ልጅቱ ለማስታወሻ የምትወስደው ነገር ካለ ካፖርት፣ ፎቶ፣ የግል ዕቃው ይሁን። ቅርስ ሊባል የሚችለውን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይቻልም፤ ደወሌ ላይ ለቅሶዋ በእጥፍ እንዳይሆንባት።

ባሏን የቀበረችው አባል፦
እኔ ዕቃ አላውቅም፤ ሐዘኑን ግን አውቀዋለሁ። የእኔ ሰው ሲሞት ዘመዶቼ ደግ ያደረጉ መስሏቸው ገና በሁለተኛው ሳምንት ልብሱን አጥበው ለነዳያን ሰጡ። የመጨረሻ ሸሚዙን ሳላሸተው ቀረሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አሁንም ያችን ሸሚዝ ሳጥን ውስጥ እፈልጋታለሁ። ስለዚህ ካፖርቱን ማንም ከሚስማሩ እንዳያወርደው፤ ስትፈልግ ራሷ ታውርደው። «ይህን ምን እናድርገው?» እያላችሁም አታጣድፏት። አራት መልስ ይኑራት፦ ለእኔ፣ ለልጆቹ፣ ለሌላ ሰው፣ ገና አላወቅኩም። «ገና አላወቅኩም» ያለችው ዕቃ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቀመጥ።

ጸሐፊዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ይህ አራተኛው መልስ ረቂቁን በሙሉ ገለበጠው። «ገና አላወቅኩም» ማለት ትችላለች ካልን እስከ ሰማንያው ጨርሱ ልንላት አንችልም። ግን የኪራዩ ነገር አለ። ምን ይሻላል?

የግድግዳ ጎረቤቱ፦
እናዋጣና የኪራዩን እንስጣት ልል ነበር፤ አትቀበልም። በእሱ ጊዜም ቡናውን እንኳ በነጻ አላጠጣችንም፤ ስኳር ይዘን ነው የምንሄደው።

ገንዘብ ያዡ፦
ምጽዋት አናድርገዋ። ማኅበሩ ክፍሏን ይከራያት! ሌላ ሰው የሚከፍላትን ያህል ከፍለን፣ በወረቀት ተዋውለን፣ ለሦስት ወር። የምንሰበሰብበት ቦታ የለንም እያልን ስናማርር አይደል የኖርነው? ዕቃው ባለበት ይቆያል፣ እሷም ገቢዋን ታገኛለች፣ እኛም ቡናችን ይቀጥላል። ከመጠባበቂያው አንነካም፤ በነፍስ ወከፍ እናዋጣለን፤ የማይችል አይጠየቅም።

ባቡር ነጂው፦
ሰማይ ቤት ሆኖ እንኳ ይህን ይፈርምልሃል። እኔ አለሁ።

ቤተ መጻሕፍት የሠራችው፦
አለሁ።

ባሏን የቀበረችው አባል፦
እኔም።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲያው የተስተካከለው ሐሳብ ይህ ነው፤ ለቤተሰቡ የሚነበበውም ይኸው ነው፦

«ማኅበራችን ክፍሉን ለሦስት ወር በውል ይከራያል። በእነዚህ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት አባላት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አንቺ ባለሽበት ብቻ እንሠራለን። ደክሞሽ ከሆነ ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር፣ ፎቶና አንቺ የነገርሽን ታሪክ ይኖረዋል፤ መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ካንቺ ጋር ይቀመጣል። የወራሽነት ወረቀቱ ወጥቶ፣ አንቺና ልጆቹ በሙሉ ሳትስማሙ ምንም ዕቃ ከክፍሉ አይወጣም። የባቡሩ መሥሪያ ቤት ሊጠይቅበት የሚችለው ዕቃ ለብቻው ይመዘገባል፤ ደብዳቤውን እኛ እናዘጋጃለን፣ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ማቆየት፣ መስጠት፣ መሸጥ የእናንተ ውሳኔ ነው፤ ሙዚየም መስጠት ብትፈልጉ አብረናችሁ እንሄዳለን። ከማኅበሩ አባል ማንም ከዚያ ዕቃ ለራሱ አይገዛም፣ በስጦታም አይወስድም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት እኔ ነኝ። ትኬቶቹን ለሚወዱትም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ከእነዚያው ነኝ። ግን መዝጋቢውም ወሳጁም እኛ ከሆንን ሰው ቢጠረጥረን አይፈረድበትም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ መጀመሪያ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የጻፍኩት። ሳነበው የማላውቃት ሴት መሰለችኝ። ድሬ ላይ እሷን አንቱ ያላት ማን አለ? «አንቺ» ብዬ አስተካክያለሁ።

የሕግ ጉዳይ የሚያውቀው፦
«አንቺና ልጆቹ በሙሉ ሳትስማሙ» የሚለው ጥሩ ነው። የኪራይ ውሉን እኔ እጽፋለሁ።

የግድግዳ ጎረቤቱ፦
ማታ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና ስለ ፋኖሱ የተባለውን ድገምልኝ አለች፤ ደገምኩላት። «ቀዩን መስታወት የሰጠው እኮ ወንድሜ ነው፤ የታክሲው መብራት ነበር» አለችኝ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የያዝኩለት ሰውዬ ይህን አላውቅም ነበር! በውሉ ተስማምታለች። የእሱን ፊሽካ ግን እንዳትመዘግቡ ብላለች፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ይዛዋለች። ከልጅቱ ጋርም በስልክ ተነጋግረዋል፤ ውክልናውን ትልካለች።

ጸሐፊዋ፦
ፊሽካው አይመዘገብም። ቅዳሜ የምንሄደው ጎረቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍት የሠራችውና እኔ ነን። የምንጀምረው ከፋኖሱ ነው። ስኳርና ቡና በእኔ፤ የወረቀት ፖስታና እርሳስ በእህታችን። እስክሪብቶ ይዞ የሚመጣ እንዳይኖር።