ለቤት የጸሎት ቦታ፦ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ወይስ የዕጣን ዘይት?

በአፓርትመንት የሚኖሩ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ የሚጮህባቸው ወይም በቤታቸው አስም ያለበት ሰው ያላቸው ምእመናን፣ በጸሎት ቦታቸው ዕጣንን ኢሴንሻል ኦይል በሚባለው ንጥር የዕጣን ዘይት መተካት ይሻል እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ወደ ጥቆማው ከመግባቴ በፊት ያስቸገረው ከሰሉ ነው ወይስ የዕጣኑ ጭስ የሚለውን መለየት እፈልጋለሁ፤ ጥፋቱ የከሰሉ ሆኖ ሳለ ዕጣኑ ከቤት የሚባረርበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ሽታና ቀለም የሌለው፣ ሰው የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ክብሪት ሲነካው ወዲያው የሚያያዘው ክብ ከሰልም ለማቀጣጠያ የተጨመረበት ኬሚካል የራሱ ሽታ ስላለው፣ ሰው የሚያማርረው የዕጣን ጭስ ግማሹ በእርግጥ የዕጣን ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ችግራቸው ከሰሉ ለሆነባቸው ሁሉ የምጠቁመው የኤሌክትሪክ ማጨሻን ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቡኹር ለሚሉት የሚጨስ መዓዛ የሚያገለግለው ዓይነት ሲሆን፣ በውጭ አገር በዐረብ ሱቆች ይገኛል። ሙቀቱ ከፍና ዝቅ የሚል ቢሆን ይመረጣል። ሳህኑን በፎይል ሸፍኖ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ዕጣን አስቀምጦ በዝቅተኛ ሙቀት ቢጀምሩት፣ ጭሱ ሳይበዛ መዓዛው ቀድሞ ይወጣል፤ ጠጠሩ ቀልጦ መጥቆር ሲጀምር ማጥፋት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጉሮሮ ከመከርከር በቀር የሚረባ ነገር የለውም።

ጭስ የሚባል ነገር ጨርሶ በማይፈቀድበት ቤት ግን ዘይቱ ይቀራል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ገዢ የሚያዝንበት ጉዳይ አለ። በአገራችን በትግራይ፣ በመተማና በቋራ አካባቢ፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝም የሚመረተው፣ ነጋዴዎች የትግራይ ዕጣን የሚሉት፣ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከተባለው ዛፍ የሚገኝ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች የዕጣን ዘይት ተብሎ የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሶማሊያው ቦስዌሊያ ካርቴሪ ወይም ከኦማኑ ቦስዌሊያ ሳክራ የተነጠረ ነው። እነዚህ አልፋ ፓይኒን የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛባቸው ወደ ጥድና ወደ ሎሚ ያደላሉ፤ የእኛው ደግሞ ኦክቲል አሲቴት ስለሚበዛበት የብርቱካን ዓይነት ጣፋጭነት አለው። በቤተ ክርስቲያን የለመዱትን መዓዛ ጠብቆ ጠርሙሱን የከፈተ ሰው «ይህ ዕጣን አይደለም» ቢል አይፈረድበትም።

በመሆኑም ከድርጅቱ ስም ይልቅ በመለያው ላይ የተጻፈውን የዛፉን ሳይንሳዊ ስም ማንበብ ይበጃል። ከዘይት ሻጭ ድርጅቶች መካከል ያንግ ሊቪንግ በተለመደው የዕጣን ዘይቱ ካርቴሪን ይጠቀማል፤ ዶቴራ ፓፒሪፌራን ጨምሮ አራት ዝርያዎችን ይቀላቅላል፤ ሁለቱም በአባላት አማካይነት ስለሚሸጡ የሻጩ ድርሻ ዋጋው ውስጥ አለ። ፕላንት ቴራፒ ካርቴሪን ለብቻው፣ ስሙን ለይቶ ይሸጣል። እኔ ግን ለጸሎት ቦታ የሚገዛ ሰው ፓፒሪፌራ ብቻ የሆነውን ፈልጎ እንዲገዛ እመክራለሁ። የዛፉ ስም የሌለበትና «የዕጣን ሽታ» ብቻ የሚል ጠርሙስ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ሽቶ ነው። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጥሎ ማሳደር ቀላል መፈተኛ ነው፤ በሚበላ ዘይት የተበረዘ ከሆነ ቅባታማ ምልክት ይተዋል።

ትክክለኛውን ዝርያ ቢያገኙም ዘይቱ የጭሱን መዓዛ አይሰጥም። በእንፋሎት ሲነጠር የሚወጣው በቀላሉ የሚተነው ክፍል ብቻ ስለሆነና ከባዱ ሙጫ ወደኋላ ስለሚቀር፣ የጠርሙሱ መዓዛ ያልተጨሰ ዕጣን በጣት ሲፈረከስ የሚሸተውን ይመስላል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ውኃ የሚያተነው ዲፊውዘር ለሳሎን ጥሩ ነው፤ ከሥዕለ አድኅኖ አጠገብ ግን አልወደውም። በወረቀት የታተመው ሥዕል በእርጥበቱ ይሸበሸባል፣ መስተዋት ያለው ደግሞ አቧራ የሚይዝ ስስ ቅባት ያለብሰዋል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሥር ከተቀመጠም ጉሙ ራሱ ሊያስጮኸው ይችላል። ቀለም ያልተቀባ የሸክላ ቁራጭ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጎ ማስቀመጥ ለትንሽ የጸሎት ቦታ ከበቂ በላይ ነው፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ዘይቱ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ስለሆነ ጧፍ ከሚበራበት መራቅ አለበት፤ ፍም ላይ ማንጠባጠብማ ፈጽሞ አይገባም። ለአስም ሕመምተኛም ዋስትና አይደለም፤ ትነቱ ራሱ ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ሐኪም መጠየቅ ይገባል። ሕፃን ወይም ድመት ያለበት ቤት ደግሞ በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁን።

ከሃይማኖት አንጻር፣ በጽና ማጠን የካህን አገልግሎት በመሆኑ በቤት የሚጨሰው ዕጣንም ሆነ ዘይቱ የሚተካው ሥርዓት የለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 የቅብዓቱ ዘይትና ዕጣኑ ለየብቻ የተደነገጉ መሆናቸውን የሚያነሡ ሰዎች ስላሉ፣ የሚያሳስበው ሰው የንስሐ አባቱን ቢያማክር ይሻላል። ከሱቅ የተገዛ ዘይት ቅብዓ ቅዱስ አይደለምና ግንባር ላይ አይቀባ፣ አይጠጣም፤ ሳይቀጥን ቆዳ ሊያቆስል ይችላል።

አገር ቤት ላሉ፣ ከጠጅ ሳርና ከባሕር ዛፍ የሚነጠሩ ዘይቶች ይገኛሉ፤ የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከልም በመዓዛማ ዕፅዋት ላይ የቆየ ሥራ አለው። ሁለቱ ዘይቶች የቤት ሽታ ያጸዳሉ፣ ለጸሎት ግን እኔን አይመስጡኝም፤ መርካቶ ወርዶ ነጭና ትልልቅ ጠጠር ያለው ንጹሕ ዕጣን ገዝቶ በኤሌክትሪክ ማጨሻ መጠቀም በዋጋም በመዓዛም ይበልጣል። ዘይት የሚገዛ ግን ትንሿን ጠርሙስ ይምረጥ፣ ጥቁር ብርጭቆ ይሁን፣ ክዳኑ በደንብ ተጠርቅሞ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ አየር የገባበት ዘይት ሽታው ይለወጣል፣ ቆዳንም ይበልጥ ያስቆጣል።